ኢንሱሊኑ በእርዳታ፣ አልጋው በመድኅን፦ የአንድ የደምቢያ ቤተሰብ አራት ዓመት

ቤተሰቡ ስድስት ነፍስ ነው፤ አባት፣ እናትና አራት ልጆች። ኑሯቸው ደምቢያ ውስጥ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብሎ፣ ከጎንደር ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ጤፍና ሽምብራ ያርሳሉ። ሁለተኛዋ ልጅ በ12 ዓመቷ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም (ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠርበትን ኢንሱሊን ማመንጨት ስለሚያቆም በየቀኑ በመርፌ የሚተካበት) ተገኘባት። ማን እንደሆኑ የሚያስለይ ነገር አንጽፍም። የሕክምና ወጪያቸውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንከተላለን፤ በዚህ ቤት የተፈጸመውን ስሕተት በየክትትል ክሊኒኩ ደጃፍ ደጋግመን እናየዋለንና። ስሕተቱ አንድ ነው፦ መድኃኒት በነጻ የሚያገኝ ታማሚ የጤና መድኅን አያስፈልገውም ብሎ ማሰብ።

ዋጋ በብር አላስቀመጥንም። መዋጮውም፣ የአልጋውም፣ የምርመራውም ሒሳብ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የጻፍነው ለከርሞ ያሳስታል። የማይለዋወጠው ግን የትኛውን ዕቃና የትኛውን አገልግሎት ማን እንደሚከፍል ነው፤ ጉዳዩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጋቢት፦ መድኅን ሳይኖር

ልጅቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ውኃ አልጠግብ አለች፣ ሌሊት ደጋግማ ትሸናለች፣ እየበላች ትከሳለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ የአንጀት ትላትል ነው ብሎ ክኒን ገዛላት፣ ቀጥሎም ጠበል ወሰዳት። ማስመለስ ጀምራ ትንፋሿ ሲፈጥን ጤና ጣቢያ አደረሷት። ጣቷን ወግተው ሲለኩት መሣሪያው ቁጥር አላወጣም፤ ስኳሩ ከመለኪያው በላይ መሆኑን የሚያሳየውን «ሃይ» የሚለውን ምልክት ሰጠ። ያኔውኑ ወደ ጎንደር ሪፈር ተባለች፤ 9 ቀን ተኝታ ታከመች።

ቤተሰቡ አባል ስላልነበረ ካርድ፣ አልጋ፣ ግሉኮስና ጨው ውኃ፣ በየሰዓቱ የሚደረገው የስኳር ልኬት፣ የደም ምርመራው፣ ሁሉም ከኪስ ተከፈለ። አባት ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጠ። አርሶ አደር ለሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ ይገባል፣ መሬቱ የሚታረሰው ባለሌላው በሬ በፈቀደለት ቀን ነው፣ የዘር ወቅቱ ያልፈዋል። የ9 ቀን ሕክምና የአንድ ዓመት ምርት ይነካል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስትወጣ አንድ መልካም ነገር አብሯት ወጣ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች ኢንሱሊን በእርዳታ የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ «ቼንጂንግ ዳያቢቲስ ኢን ችልድረን» እና «ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ» የሚባሉት ዓለም አቀፍ ፕሮግራሞች ከሚደርሱባቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ልጅቱ ተመዝግባ ኢንሱሊንና ሲሪንጅ በነጻ ማግኘት ጀመረች። ጎንደር በዚህ ሕመም ክትትል አዲስ አይደለችም። የፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ሥራ በአገር ቤትም በውጭም የታወቀ ነው፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለክትትል ብቻ ረጅም መንገድ እንዳይጓዙ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በነርሶች የሚካሄድ ክትትል የተዘረጋውም ከዓመታት በፊት ነው። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው አባልነትና መቋረጡ

በቀጣዩ ጥር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አባትን አግባባችውና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ሆኑ። ይህ መድኅን ደመወዝ ለማይቆረጥለት ሰው፣ ለገበሬው፣ ለአነስተኛ ነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው የተሠራ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጣና ምሥራቅ ያለችው ፎገራ ከተመረጡት አንዷ ነበረች። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አንዱን በሽተኛ ብቻ ነጥሎ ማስገባት አይቻልም። ምዝገባውና ዕድሳቱም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ አርሶ አደሩ እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖረው ከመኸር በኋላ ባለው ወቅት ይካሄዳል። ሰው ሲታመም ብቻ እየገባ ሲድን እንዳይወጣ ነው። ሁሉም እንዲህ ካደረገ ፈንዱ ባዶውን ይቀራል።

በዚያ ዓመት መድኅኑ ያዋጣቸው ይመስል አልነበረም። ልጅቱ አልተኛችም። ኢንሱሊኑ ከእርዳታ ይመጣል። የወባ መድኃኒትም በመንግሥት ተቋም ለማንም ነጻ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥር ሲመጣ፣ አባት የሁለተኛ በሬ መግዣ እያጠራቀመ ስለነበር፣ ዕድሳቱን ተወው። በቁጥር ስናየው ውሳኔው ሞኝነት አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከከፈለው መዋጮ ያነሰ ነበር የተጠቀመው። የሳተው ነገር፣ ነጻ የሆነው የሕክምናው አንድ ክፍል ብቻ መሆኑን ነው።

ጥቅምት፦ ሦስት ምክንያት በአንድ ሳምንት

ክረምቱ ወጥቶ የወባው ወቅት ሲገባ ልጅቱ ተኮሰች። ወደ ከባድ አደጋ ያደረሷት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱንም ለይቶ ማየት ይገባል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሊስተካከል ይችል ነበርና።

የመጀመሪያው ወባው ራሱ ነው። ማንኛውም ትኩሳት የሰውነትን የኢንሱሊን ፍላጎት ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው የቤተሰቡ ደግነት ነው። ምግብ አልበላ ስላለች፣ ባዶ ሆዷን ስኳሯ ይወርድባታል ብለው ፈርተው ለሁለት ቀን መርፌውን አቆሙ። በዓይነት 1 ሕመም ይህ ከሁሉ የከፋው እርምጃ ነው። ልጁ ባይበላም ረጅሙ (ለረጅም ሰዓት የሚሠራው) ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቆምም፤ መጠኑ በባለሙያ ሊስተካከል ይችላል እንጂ። ሲቆም ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ኬቶን የሚባለው አሲድ ደሙን ይሞላል፣ ማስመለስና የትንፋሽ መፍጠን ይከተላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የተደበቀው ነው፤ የብልቃጥ ሒሳብ። ልጅቱ በዚያን ጊዜ 34 ኪሎ ነበረች፤ የታዘዘላት በቀን 24 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ነው። ከዚህ 16ቱ ደፍራሹ ረጅም ኢንሱሊን (ኤን.ፒ.ኤች)፣ 8ቱ ጥርት ያለው አጭሩ (ሬጉላር)። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ 100 ዩኒት ስለሆነ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቁጥር ብቻ ከሄድን የደፍራሹ ብልቃጥ 62 ቀን፣ የጥርቱ ብልቃጥ 125 ቀን ያደርሳል። በማዘዣው ላይ የተጻፈው በዩኒት ብቻ ስለነበረ የተሰጣትም በዚሁ ስሌት ነበር፤ ለሁለት ወር አንድ አንድ ብልቃጥ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተከፈተ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚያገለግለው ለ4 ሳምንት ያህል ነው፤ ያውም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ። የዚህች ልጅ ብልቃጥ ከተከፈተ 7 ሳምንት ሆኖት ነበር፣ የሚቀመጠውም በቆርቆሮ ጣራ ሥር በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ነበር። መርፌውን ባያቆሙም ኖሮ ከሚወጋት ውስጥ የሚሠራው ምን ያህሉ እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ትክክለኛው ስሌት በቀን መቁጠሪያ ነው። 365 ቀን ለ28 ሲካፈል 13 ይሆናል፤ ስለዚህ በዓመት 13 ደፍራሽና 13 ጥርት ያለ ብልቃጥ ያስፈልጋታል፤ ግማሹ ቢደፋም። ይደፋል ብሎ መሰሰት አያስፈልግም። አንድ የተደፋ ግማሽ ብልቃጥ ከአንድ ቀን አልጋ ይረክሳል።

በኮንትራት መኪና ቀጥታ ጎንደር ገባች። 8 ቀን ተኛች፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባዶች ነበሩ። እዚህ ላይ ሒሳቡን በየኪሱ እንለየው። የወባ መድኃኒቱ ለሁሉም ነጻ ነው። ኢንሱሊኑ በእርዳታው ነው። የቀረው፣ ማለትም አልጋው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ውኃ፣ ፖታሲየሙ፣ የኩላሊትና የጨው ምርመራው፣ በየሰዓቱ የሚለካው ስኳር፣ ቀጥሎ የተጨመረው አንቲባዮቲክ፣ ሁሉ መድኅኑ ይሸፍነው የነበረ ነው። ካርዱ ግን ከወራት በፊት ጊዜው አልፎበታል፤ ዕድሳቱም ተዘግቷል። ለሁለተኛ ጊዜ ከኪስ ተከፈለ። ሽምብራው ገና በማሳ ላይ እያለ በርካሽ ዋጋ ተዋዋሉበት።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ድንገተኛ ስለነበር፣ አባል ቢሆኑ ኖሮ ያለ ሪፈር በቀጥታ መምጣታቸው አይጎዳቸውም ነበር። ድንገተኛ ያልሆነ ጉዳይ ግን በጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። በሙከራው ዘመን የነበረው ደንብ መሰላሉን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ አባል ግማሹን ከኪሱ እንዲከፍል ያዝ ነበር፤ ዛሬም ያለ ሪፈር የሚመጣ አባል ሙሉ ሽፋን አገኛለሁ ብሎ መተማመን የለበትም።

ሁለቱን ማገጣጠም

ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ከወላጆቿ ጋር ቁጭ ብላ ሁለቱን ድጋፎች አንድ ላይ የሚያስኬድ አሠራር አበጀች። ጥር ሲደርስ መዋጮው የሁለተኛው በሬ ጉዳይ ሳይነሳ ቀድሞ ተከፈለ። ቤተሰቡ መሬት ስላለው መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት በሚሸፍነው ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ይህ ዝርዝር በቀበሌ ደረጃ የሚለይ ስለሆነ በእርግጥ አቅም የሌለው ሰው ግን ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ስሙን ማስያዝ አለበት፤ ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ለከርሞ ነው።

ምዝገባው ላይ ሁለት ነገር ተፈተሸ። አንደኛው ስድስቱም በስምና በጉርድ ፎቶ መታወቂያው ላይ መኖራቸው ነው፤ በፊተኛው ዓመት የትንሿ ልጅ ፎቶ አልተለጠፈም ነበር። ሁለተኛው ስም ነው። ልጅቱ በሆስፒታሉ ካርድ ላይ የተመዘገበችው ቤት በምትጠራበት ስም ነው፣ በመድኅኑ መታወቂያ ላይ ደግሞ በትምህርት ቤት ስሟ። በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ይህ ልዩነት ቀኑን ሙሉ ሊያስቆም ይችላል። ከቀበሌ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ወጥቶ ከማኅደሯ ጋር ተያያዘ። ገና ሳይታመሙ የሚሠራ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የክትትሉ ቦታ ተለወጠ። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ጎንደር ይሄዱ ነበር፤ ኢንሱሊኑ የሚሰጠው እዚያ ስለሆነ። አሁን ወርኃዊው ክትትል በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሆኖ ጎንደር የሚሄዱት በ84 ቀን አንዴ ነው፤ የ84 ቀን ኢንሱሊን ይዘው ይመለሳሉ። ያልተከፈቱት ብልቃጦች በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ በስሟ ተለጥፎባቸው ይቀመጣሉ። እቤት የሚወሰደው በሥራ ላይ ያለው ጥንድ ብቻ ነው። ለእሱም አፈር ማሰሮ ተዘጋጀ፤ በትልቁ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ በአሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ፣ በውስጡ በደረቅ ጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ። አሸዋው ጠዋትና ማታ ይረጠባል። ማሰሮው ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ነፋስ በሚያገኝበት ጥግ ይቀመጣል። የተከፈተበት ቀን በብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ 28ኛው ቀን ሲደርስ ቢተርፍም ይጣላል።

ከዚያ ማዘዣው። እውነቱን ለመናገር ከጉዳዩ ሁሉ ወሳኙ ይህ ነው፤ እርዳታውና መድኅኑ የሚገናኙት በዚህ ወረቀት ላይ ነው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት የተለያዩ ማዘዣዎች ይጻፋሉ። በአንደኛው ላይ የእርዳታው ኢንሱሊን፣ በዩኒት ብቻ ሳይሆን በብልቃጥ ብዛት ጭምር፤ «ለ84 ቀን፣ 3 ደፍራሽ፣ 3 ጥርት» ተብሎ። በሁለተኛው ላይ መድኅኑ የሚከፍልባቸው፣ ማለትም ምርመራዎችና ሌሎች መድኃኒቶች። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ከተቀላቀሉ በእርዳታ የተሰጠው ኢንሱሊን በመድኅኑ የክፍያ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በኦዲት ሲገኝ ጥያቄው ይመለሳል፣ ተቋሙና መድኅኑ ሲመላለሱ ታማሚው በመሐል ይንገላታል። አባት እርዳታ እያገኘሁ መድኅን ብጠቀም እጠየቃለሁ ወይ ብሎ ሰግቶ ነበር። አይጠየቅም። መድኅኑ ገንዘቡን ለተቋሙ ይከፍላል እንጂ ለሰው አይሰጥም፣ እርዳታው ደግሞ በዓይነት ነው፤ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እስካልተከፈለበት ድረስ ሁለቱ አይጋጩም።

የእርዳታው ክምችት አንድ ቀን እንደሚያልቅ ታሳቢ ተደርጎ ነው የተዘጋጁት። ኢንሱሊን መሠረታዊ መድኃኒት ስለሆነ በመድኅኑም ሊታዘዝ ይችላል። እርዳታው ከተቋረጠ በማግስቱ በመድኅን ማዘዣ ከመንግሥት ተቋም ይወሰዳል። እዚያም ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ይወጣል፤ ከግል መድኃኒት ቤት ከመግዛት በፊት የወረዳው መድኅን ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለውን ግዥ ይመልስ እንደሆነ ይጠየቃል፤ አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ማኅተም የሌለው ማዘዣና ደረሰኝ የሌለው ግዥ የትም አያደርስም።

ሲሪንጁም ይታያል። ብልቃጡ 100 ዩኒት በሚሊ ከሆነ ሲሪንጁም የ100 መሆን አለበት። የ40 ሲሪንጅ በስሕተት ቢገዛና በጭረቱ 16 ቢሞላ፣ ወደ ሰውነት የሚገባው 40 ዩኒት ነው፤ ይህ ልጅን ሊገድል ይችላል።

የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሁለቱም ድጋፎች በደንብ የማይደርሱበት ቦታ ነው። ከእርዳታው በሁለት ወር 50 ይደርሳታል። በሳምንት 5፣ በ8 ሳምንት 40 ትጠቀማለች፤ ሦስቱን ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ሁለቱን ማታ ከእራት በፊት፣ ቀኑን እያፈራረቀች። የቀሩት 10 አይነኩም፤ የሚወጡት ስትታመም ወይም ላብ ላብ ብሏት ስትንቀጠቀጥ ብቻ ነው። በየቀኑ መለካት የተሻለ መሆኑን እናውቃለን። 50 ስትሪፕ ይዞ በየቀኑ መለካት ግን በሕመም ቀን ባዶ እጅ መቅረት ነው።

መጓጓዣና የአስታማሚ ምግብ ማንም አይከፍላቸውም። መድኅኑ አይሸፍናቸውም፣ እርዳታውም አይመለከታቸውም። ለዚህ እናት የሣምንት እቁብ ገባች፤ እጣዋንም ከጎንደር ቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት እንዲወጣላት ከእቁቡ ዳኛ ጋር ተነጋገረች።

ከዕድሳቱ በኋላ ያለው አንድ ዓመት

በዚህ ዓመት ልጅቱ ጤና ጣቢያ 8 ጊዜ፣ ጎንደር 4 ጊዜ ሄደች። ለአራቱ የጎንደር ጉዞዎች በየጊዜው አዲስ ሪፈር ተጻፈላት፤ አሮጌ ሪፈር ይዞ መምጣት ከሚያስመልሱ ነገሮች አንዱ ነው። በመድኅኑ ካርድ፣ ምርመራ፣ የዓይንና የኩላሊት ፍተሻ፣ ሁለት ጊዜ የታዘዘ አንቲባዮቲክ ተሸፈነ። ነሐሴ ላይ በትኩሳት ታመመች። በዚህ ጊዜ ረጅሙን ኢንሱሊን አላቆሙም፤ ከ10ሩ ስትሪፕ 4ቱን ተጠቅመው ለኩ፤ ስኳሯ ከፍ እያለ ማስመለስ ስትጀምር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አደረሷት። ከዚያ ወደ ቆላ ድባ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተልካ 3 ቀን ተኝታ ወጣች። ለአልጋውም፣ ለደም ሥር ውኃውም፣ ለምርመራውም የተጠየቁት ገንዘብ የለም።

ከኪስ የወጣው የአራት ጉዞ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የ3 ቀን የአስታማሚ ምግብ፣ የመለኪያው ባትሪ፣ አንድ እሽግ ተጨማሪ ስትሪፕና የዓመቱ መዋጮ ነው። በሬ አልተሸጠም። ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ሁለተኛው በሬ ተገዝቶ አባት ከመቀናጆ ወጣ።

ትንሿ ልጅም በዚያው ዓመት የሳንባ ምች ታማ በዚያው መታወቂያ ታክማለች። ፎቶዋ ስለነበረ።

የሚመጣው ችግር

ልጅቱ አሁን 16 ሊሞላት ነው፤ 40 ኪሎ ደርሳ መጠኑም በቀን ወደ 32 ዩኒት ከፍ ብሏል። የብልቃጡ ሒሳብ አልተለወጠም፤ ደፍራሹ 21፣ ጥርቱ 11 ቢሆንም በ28 ቀን አንዱም 1000 አይሞላም። የሚለወጠው ሌላ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በቤተሰቡ መዋጮ ብቻ አይሸፈንም፤ ተጨማሪ ይከፈልለታል፣ ካልሆነም ራሱን ችሎ ይመዘገባል። የልጆች የኢንሱሊን እርዳታም የዕድሜ ጣሪያ አለው። ሁለቱ በተቀራራቢ ጊዜ ከመጡ ሁለቱም ድጋፍ በአንድ ዓመት ይሳሳል። ስለዚህ በማኅደሯ ፊት ገጽ ላይ የልደት ቀኗ በትልቁ ተጽፏል። 17 ዓመት ከሞላት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥር ላይ ሁለት ጥያቄ እንዲቀርብ ቀጠሮ ተይዟል፤ አንዱ ለወረዳው መድኅን ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ተጨማሪው ክፍያ፤ ሁለተኛው ኢንሱሊኑ ለሚሰጥበት ክፍል፣ እርዳታው በየትኛው ወር እንደሚያበቃና ከዚያ ወር ጀምሮ ኢንሱሊኑ በመድኅን ማዘዣ የሚወጣው ከየትኛው ፋርማሲ እንደሆነ።